50 ሳጥን ሸክላ፦ በጎቲክ ታሪክ የሚያሾፍ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዌብ ኮሚክ አሠራር

የአሮጌ ግንብ ምድር ቤት ምን አለው? ጨለማ፣ ጭስ፣ ጠባብ ደረጃ፣ ከወለል ስር የሚመጣ ድምፅ፣ ሳይነጋ የማይተኛ ባለቤት። የሌሊት ክለብስ? ያው ነው። ሁለቱን በኮሚክ ሊያገናኝ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ይህን ሳያይ ቀርቶ በግድ ሊያጋባቸው ሲሞክር ነው። ቫምፓየሩ ጆሮ ላይ ሄድፎን ይደፋል፣ አጽሙን ዲጄ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ቀልዱ ያልቅበታል። ማጋባት አያስፈልግም፤ ሥራው ድሮውኑ የተጋቡበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚገናኙት ሰው በማቆየት ነው። የጎቲክ፣ ማለትም የአሮጌ ግንብና የመናፍስት አስፈሪ ታሪክ፣ ደራሲ በሩን ከማስከፈቱ በፊት ሻማውን ያጠፋል፣ ኮሪደሩን ያስረዝማል፣ ቁልፉን ያዝገዋል። የቴክኖ ሙዚቃ የሚሠራ ሰውም ቤዙና ከበሮው ተመልሰው የሚወድቁበት ቅጽበት፣ ድሮፑ፣ ከመምጣቱ በፊት ቤዙን ያወጣል፣ ከበሮውን ያፋጥናል፣ ከዚያ ለአንድ አፍታ ጸጥ ያደርገዋል። በሩም ድሮፑም አንድ ናቸው። ኮሚኩ የሚያስቀው አንባቢውን እስከ በሩ ድረስ በትክክል አስጨንቆ ከወሰደው በኋላ ከበሩ ጀርባ የሆነ ሞኝ ነገር ካስቀመጠለት ነው። ጭንቀቱ የይምሰል ከሆነ ሳቁም የይምሰል ይሆናል።

ምንጩን ለዩ፤ መጽሐፉ ሌላ፣ ፊልሙ ሌላ

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ለኮሚክ የሚመቹት ታሪኮች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዱም ከሙዚቃው ጋር የሚገናኝበት አንድ በር አለው። የዘውጉ መነሻ የሚባለው የሆራስ ዋልፖል ልቦለድ በ1764 ሲወጣ የድሮ የጣሊያን መጽሐፍ ትርጉም ነኝ ብሎ ነበር። ደራሲው እኔ ነኝ ያለው ሰዎች እንደወደዱለት አይቶ ነው። ስሙን ሳይጽፍ ባዶ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ሸክላ እያሳተመ ዲጄዎቹ ከወደዱት በኋላ ብቅ የሚል ፕሮዲዩሰር ማለት ይህ ነው። አን ራድክሊፍ በ1794 ያሳተመችው ደግሞ መናፍስቱ ሁሉ መጨረሻ ላይ ተራ ምክንያት የሚገኝላቸው ታሪክ ነው፤ እሱን ወደ ታች ለስፒከር እምምታ እንጠቀምበታለን። ፍራንከንስታይን የሠራው የሜሪ ሼሊ ፍጡር (1818) ከየሬሳው የተለቃቀመ ስለሆነ የሳምፕል፣ ከሌላ ሙዚቃ ተቆርጦ የሚወሰድ ድምፅ፣ ነገር ነው። የኤድጋር አለን ፖ ታሪክ (1843)፣ ገዳዩ የደበቀው ሟች ልብ ከወለል ስር የሚመታበት፣ የከበሮ ነገር ነው። የብራም ስቶከር ቫምፓየር ድራኩላ (1897) ካልተጋበዘ ቤት የማይገባ፣ 50 ሳጥን አፈር ይዞ የሚጓዝ ስደተኛ ነው። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ሐኪም ማስታወሻውን በፎኖግራፍ የሰም ሲሊንደር ላይ እየቀዳ ካስቀመጠ በኋላ አንዱን ቦታ ፈልጎ ማውጣት እንደማይችል የሚገባው ዘግይቶ ነው። ፋይሎቹን ሁሉ «አዲስ 1»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» ብሎ የሰየመ ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰው ከመጽሐፉ የመጣ የሚመስለው ብዙው ነገር ከፊልም የመጣ ነው። በስቶከር መጽሐፍ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል፤ ኃይሉ ይደክማል እንጂ አይቃጠልም። ፀሐይ ቫምፓየር መግደል የጀመረችው በ1922 ከወጣው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ወዲህ ነው። ይህ ለቀልዱ ቁም ነገር ነው፦ መስፍናችሁ፣ ማለትም ድራኩላችሁ፣ ክለቡ ተዘግቶ ሲወጣ ፀሐይ ካገኘችው ይቃጠላል ወይስ እንደማንኛውም ዳንሰኛ ዓይኑን አጨናብሶ ታክሲ ይፈልጋል? አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት። በየክፍሉ ደንቡን የምትቀያይሩ ከሆነ አንባቢው አደጋውን አያምንላችሁም።

ፍጡሩን ስትስሉ ደግሞ ጠፍጣፋ ራስና አንገት ላይ የተተከለ ብሎን አታድርጉ፤ ያ መልክ የ1931 የሆሊውድ ፊልም ሥራ ስለሆነ የባለቤትነት ጥያቄ ያስነሳል። ሼሊ በ1851፣ ፖ በ1849፣ ስቶከር በ1912 ስለሞቱ የእነሱ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው፤ ከፊልሞቹ ብዙዎቹ ግን የራሳቸው ጌታ አላቸው። የሼሊን ገለጻ ብትከተሉ ስዕሉም ያምራል፦ ቁመቱ 8 ጫማ (2.4 ሜትር ገደማ)፣ ቆዳው ቢጫ፣ ጸጉሩ ጥቁርና የሚወርድ፣ ጥርሱ ነጭ፣ ከንፈሩ ጥቁር። ረጅም ጥቁር ጸጉር፣ ጥቁር ከንፈር፣ የገረጣ ፊት። ይህን መልክ ይዞ የማታ ፌስቲቫል ላይ ቢገኝ ማንም ዞሮ አያየውም፤ ቀልዱ ራሱ እዚያ አለ።

ቀልዱ ከአማርኛው ይውጣ

በእንግሊዝኛ የሚሠሩት ሰዎች የሚቀልዱበት የቃላት ጨዋታ ሲተረጎም ይሞታል። አማርኛ ግን ለዚህ ጉዳይ ሁለት የተዘጋጁ ቃላት አሉት።

አንደኛው ሸክላ ነው። ድስቱም ሸክላ፣ ጭቃውም ሸክላ፣ ቪኒሉም ሸክላ። የድራኩላ 50 ሳጥን አፈር በእኛ ቋንቋ ያለ ምንም ድካም 50 ሳጥን ሸክላ ይሆናል፤ መስፍኑም ያለ ሸክላ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ፍላሽ ሲያይ መስቀል እንዳየ የሚሸሽ ሰው ይሆናል። ክብደቱንም አስቡት፦ አንድ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ከነካርቶኑ ከ200 እስከ 250 ግራም ይመዝናል፤ 80 የሚይዝ ሳጥን ከ16 እስከ 20 ኪሎ፣ 50 ሳጥን ወደ አንድ ቶን። ሳጥኑን የሚሸከመው አገልጋይ ጎብጦ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ገባችሁ።

ሁለተኛው ምት ነው። የልብ ምትና የሙዚቃ ምት አንድ ቃል ስለሆኑ የፖን ታሪክ በአማርኛ ስትሠሩት «ምቱ ይሰማሃል?» የሚለው ጥያቄ ለገዳዩና ለፖሊሱ የተለያየ ነገር ማለት ይሆናል። ገዳዩ ስለ ልቡ ይጠይቃል፣ ፖሊሱ ስለ ከበሮው ይመልሳል።

አንድ ነገር ግን ተዉ፦ ቫምፓየሩን «ቡዳ» ብላችሁ አትተርጉሙት። ቡዳ በዓይን እንጂ በጥርስ የሚነገርለት አይደለም፤ ከዚያም በላይ ቃሉ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ቤተ እስራኤሉን ለማግለል ሲያገለግል የኖረ ነው። በተለይ በሸክላ እየቀለዳችሁ ቡዳ ካላችሁት የማታስቡት ሰው ላይ ያርፋል። ማዕረጉንም «ደጃዝማች» አታድርጉት፤ ወዲያው የአንድ ሰው አያት ይሆናል። «መስፍን» ይበቃል።

የመጀመሪያው ክፍል ስክሪፕት እንዲህ ሊሆን ይችላል (ፓነል ማለት አንድ የስዕል ክፈፍ ነው)። ቦታው ድራኩላ በመጽሐፉ ከመርከብ የወረደባት የእንግሊዟ ዊትቢ ወደብ ናት።

ፓነል 1። ማዕበል፣ ጭጋግ፣ ሸራው የተቀዳደደ መርከብ። ቃል የለም።
ፓነል 2። የሳጥን ክምር። ወጣቱ የጉምሩክ ሠራተኛ፦ «አባት፣ እዚህ ውስጥ ምንድነው ያለው?»
ፓነል 3። መስፍኑ፣ ፊቱ ግማሹ በጥላ፦ «ሸክላ፡ ነው።»
ፓነል 4። ሠራተኛው እየጻፈ፦ «ሃምሳ ሳጥን ሙሉ? ይህ ሁሉ ድስት ለምን ይሆንዎታል?»
ፓነል 5። መስፍኑ። ዝም። ከኋላው መብረቅ።
ፓነል 6። ክዳኑ ይነሳል፤ ሲጢጢጥ።
ፓነል 7። በአፈር የተሸፈኑ ሸክላዎች፣ አንድ ትል።
ፓነል 8። ሠራተኛው አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠለውን ፍላሽ አውጥቶ፦ «ይህን ሁሉ ከሚሸከሙ በዚህ ቢያመጡት ምን ነበረበት?»
ፓነል 9። መስፍኑ በካባው ፊቱን ሸፍኖ ወደ ኋላ ሲወድቅ።

ፓነል 5 የሚታለፍ ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪ ይቆርጠዋል። ክፍሉን የሚሸከመው ግን እሱ ነው። እሱ ከሌለ ክዳኑ ሲከፈት የሚጠበቅ ነገር የለም። ፓነል 8 ላይ ያለውን ፍላሽ ደግሞ የአንገት ማተብ ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ሳሉት፤ በመጽሐፉ ወደ ግንቡ የሚሄደው ወጣት አንገት ላይ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሚስት ያሰረችለት መቁጠሪያ አለ፤ ያነበበው ሰው ይገባዋል፣ ያላነበበውም በምስሉ ብቻ ይስቃል።

ለሁለተኛው ክፍል ግብዣውን ተጠቀሙ። መስፍኑ ለንደን ክለብ በር ላይ ይቆማል። ጥበቃው «አባት፣ ስምዎ ሊስቱ ላይ የለም» ይለዋል። መስፍኑ «ካልጋበዛችሁኝ፡ መግባት፡ አልችልም» ይላል። ጥበቃው «እኛስ ምን አልን?» ሦስት ንግግር፣ አንድ ፓነል፣ ሌላ ምንም አትጨምሩ።

መዘርጋት፦ ርቀት ማለት ጊዜ ማለት ነው

በስልክ ወደ ታች እየተሳበ በሚነበብ ኮሚክ አንባቢው ምን ያህል እንደሚቆይ የምትወስኑት በፓነሎቹ መካከል በምትተዉት ባዶ ቦታ ነው። መደበኛው የመጫኛ ስፋት 800 ፒክስል ነው፤ ስትስሉ ግን በ1600 ስሉና ወደ ግማሽ አውርዱት፤ መስመሩ ይጠራል፣ ነገ ማተም ብትፈልጉም ይረዳችኋል። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ሁሉ በ800 ስፋት ናቸው።

በተራ ንግግር መካከል ከ100 እስከ 200 ፒክስል፣ ቦታ ሲቀየር ከ600 እስከ 1000 ተዉ። የዛሬ ስልኮች ስክሪን በአብዛኛው ቁመቱ የስፋቱ ሁለት እጥፍ ከትንሽ ነው፤ 800 ስፋት ያለው ምስል ሲከፈት በአንድ ጊዜ የሚታየው ከ1600 እስከ 1750 ፒክስል ቁመት ነው። ስለዚህ በሩና ከበሩ ጀርባ ያለው ነገር አንድ ስክሪን ላይ እንዳይታዩ መካከላቸው ቢያንስ 1800 ፒክስል መሆን አለበት። በ1200 የተወ ሰው ለምን ማንም እንዳልሳቀለት ይገርመዋል፤ አንባቢው በሩ ሳይከፈት ከጀርባው ያለውን አይቶት ነበር።

ድሮፕን የሚያስመስለው አሠራር ይህ ነው። በጥቁር መደብ ላይ «ድም» የሚለውን ቃል ብቻ ደጋግሙ፦ መጀመሪያ አራት ጊዜ በ640 ፒክስል ርቀት፣ ቀጥሎ አራት ጊዜ በ320፣ ቀጥሎ ስምንት ጊዜ በ160፣ በመጨረሻ ስምንት ጊዜ በ80። ድምሩ 5760 ይሆናል። ከዚያ 1800 ፒክስል ምንም የሌለበት ጥቁር፣ ከዚያ ስፋቱን ሙሉ የያዘ ፓነል። ርቀቱ በየጊዜው በግማሽ የሚቀንሰው ለጌጥ አይደለም፤ በሙዚቃው ውስጥ ከበሮው ድሮፕ ሲቀርብ ከሩብ ወደ ስምንተኛ፣ ከስምንተኛ ወደ 16ኛ ኖታ የሚፋጠነው በዚሁ መንገድ ነው። በእኩል ርቀት ብቻ የደጋገመ ሰው የሰዓት ድምፅ ነው የሚያገኘው። በደቂቃ 128 ምት በሚሄድ ሙዚቃ 16 ባር (እያንዳንዱ አራት ምት) በትክክል 30 ሰከንድ ነው፤ አንባቢ ግን 30 ሰከንድ ባዶ ነገር አይስብም። 5760 የሚበቃው ለዚህ ነው። በየክፍሉም አትድገሙት፤ ከስድስት ክፍል አንዴ በቂ ነው።

የድምፅ ቃላቱን ከአማርኛ ውሰዱ። «ቡም» እና «ክሊክ» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው። ለዋናው ከበሮ ድም፣ ለጭብጨባው ቷ፣ ለሲንባሉ ጺ፣ ለመዝጊያ ሲጢጥ፣ ለማይሰማው ግን ደረት ለሚያንቀጠቅጠው ቤዝ ዝምምም። ይህ የመጨረሻው በተለይ ይሰምራል፤ ዝምታም ነው፣ ንዝረትም ነው።

የ16 ቁልፍ ገጽ

በ1980 የወጣው የሮላንድ 808 የከበሮ ማሽን ፊቱ ላይ 16 ቁልፎች በአንድ ረድፍ አሉት፤ አራት አራት ሆነው ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫና ነጭ ናቸው። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ፓነል ቢሆንስ? የፖ ታሪክ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ ገዳዩ አስከሬኑን ወለል ስር ደብቋል፣ ሦስት ፖሊሶች ከላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ልቡ ይመታል።

አራት በአራት አታድርጉት፤ በ800 ስፋት እያንዳንዱ ፓነል 200 እንኳ አይሞላም፣ ፊደሉ አይነበብም። ሁለት ዓምድና ስምንት ረድፍ ይሁን፦ እያንዳንዱ ፓነል 390 ስፋት፣ መካከሉ 20። ዋናው ከበሮ በ1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ ይመታል፤ ቆጠራው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ አራቱም በግራው ዓምድ ላይ ያርፋሉ። እነዚህ ላይ የወለሉን ጣውላ ብቻ ሳሉ፣ ድም። ሲንባሉ በ3፣ 7፣ 11 እና 15 ላይ ነው፤ እነሱም በግራ ናቸው፤ የሻይ ሲኒው በሳህኑ ላይ ይንቀጠቀጥ፣ ጺ። ጭብጨባው በ5 እና በ13 ላይ ከከበሮው ጋር ይደረባል። የቀኙ ዓምድ ለፖሊሶቹ ፊትና ለገዳዩ ጩኸት ይቀራል፦ በ2 ዝም ብለዋል፣ በ4 የአንዱ አገጭ ትንሽ ወርዷል፣ በ8 ሁለቱ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ በ12 ሦስተኛው ቆሟል። በ14 ገዳዩ «ምቱ ይሰማችኋል?» ብሎ ይጮኻል። በ16 «እኔ ነኝ የገደልኩት!» ሲል ፖሊሱ ሳይዞር «ቆይ፣ አሁን ሊገባ ነው!» ይለዋል።

ከ16 በኋላ የፓነል 1ን ስዕል ሳትለውጡ ድገሙት። ማሽኑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳላ። ልብ በሉ፦ ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፣ ሀውስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ከ118 እስከ 130 ገደማ ነው። ሟቹ ከወለል ስር ስፖርት እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ክፍል ይህን አስቀምጡት።

ዕቃውን በትክክል ሳሉ

ሙዚቃውን የሚያውቀው አንባቢ መጀመሪያ የሚያየው ገመዱን ነው። የፍጡሩን ላቦራቶሪ በሞጁላር ሲንተሳይዘር (ሞጁል ከሚባሉ፣ በገመድ ከሚያያዙ ትንንሽ የድምፅ ዕቃዎች የሚገጣጠም መሣሪያ) ስትሞሉ እያንዳንዱ ገመድ ከመውጫ ተነስቶ መግቢያ ላይ ይግባ፤ ከመውጫ ወደ መውጫ የሄደ ገመድ አንባቢውን ከታሪኩ ያስወጣዋል። ዩሮራክ የሚባለው ዓይነት ሞጁሎች ቁመታቸው ሁልጊዜ እኩል፣ 128.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያዩት በስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁመታቸውን አታበላልጡ። 8 ጫማ የሆነው ፍጡር በእነዚህ ሞጁሎች ቢሠራ ከእግር እስከ ራሱ 19 ረድፍ ገደማ ይወጣዋል፤ ይህን ቁጥር ፍጡሩን የሚሠራው ዶክተር ባንክ ብድር ሲጠይቅ ተጠቀሙበት።

ሕይወት የመስጠቱን ትዕይንት ለማበላሸት ጥሩ ምክንያትም አለ። የሞጁሉ ኃይል የሚገባው በጠፍጣፋ ገመድ ሲሆን በአንዱ ጠርዝ ላይ ያለው ቀይ መስመር የ−12 ቮልት ወገን ነው። ተገልብጦ ከተሰካ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል። ዶክተሩ በኅዳር ዝናብ፣ በሻማ ብርሃን፣ በሚንቀጠቀጥ እጁ ሲሰካው ቀይ መስመሩ በየት በኩል እንዳለ በአንድ ትንሽ ፓነል አሳዩ፣ ምንም ሳትጽፉ። የሚያውቀው አንባቢ «ኧረ!» ይላል፤ የማያውቀው ጭሱን ሲያይ ይገባዋል።

የራድክሊፍ ዓይነት መንፈስ ደግሞ የስፒከር እምምታ ነው። ቤተሰቡ በየሌሊቱ ከግንቡ ግድግዳ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ቄስ ይጠራል፣ ጸበል ይረጫል፣ ድምፁ አይጠፋም። በመጨረሻ የድምፅ ቴክኒሻን ይመጣል። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፦ ሁለት ዕቃዎች በሁለት የተለያየ ማከፋፈያ ከምድር መስመር ጋር ሲገናኙና በኦዲዮ ገመድ ሲያያዙ ክብ ይሠራሉ፤ በዚያ ክብ ውስጥ የመብራቱ ሞገድ ይገባል። በአውሮፓም በእኛም አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ የሚሰማው 50 እና እጥፎቹ ናቸው፤ አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ 60 ነው። 50 ኸርዝ ከታችኛው ጂ ኖታ (49) ጋር ስለሚቀራረብ የግንቡ ኦርጋን ተጫዋች ለዓመታት ከመንፈሱ ጋር ሲቃኝ ኖሯል ብትሉ ያስኬዳል። መፍትሔው ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ማብራት ወይም የምድር መስመሩን በኦዲዮው በኩል ብቻ የሚያላቅቅ ቁልፍ ያለው ዲአይ ቦክስ የሚባል ትንሽ የድምፅ ማገናኛ ሳጥን መካከል ማስገባት ነው። የሶኬቱን የምድር እግር የሚቆርጥ ገጸ ባሕርይ ግን መፍትሔ እንዳገኘ አድርጋችሁ አትሳሉ፤ ድምፁ ይጠፋል፣ ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ የሚነካው ሰው ይሞታል፣ አንባቢ ቤቱ ሊሞክረው ይችላል።

መስፍኑ መስታወት ውስጥ አለመታየቱ ለቀጥታ ስርጭት የተሰጠ ስጦታ ነው፦ ካሜራው ፊት ባዶ ወንበር፣ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሄድፎን፣ በራሳቸው የሚዞሩ ቁልፎች። ሄድፎኑን ዘንበል አድርጋችሁ ሳሉት፤ ዲጄ አንዱን ጆሮ ብቻ ሸፍኖ ነው የሚያዳምጠው። መጨረሻ ላይ ፍላሽ ለመጠቀም ቢገደድ እንኳ አሮጌው ማጫወቻ አያነብለት፤ ብዙዎቹ ቆየት ያሉ ማጫወቻዎች በፋት32 ፎርማት ያልተደረገ ፍላሽ አይቀበሉም። እሱ ያልተጋበዘበት ቤት እንደማይገባ ሁሉ ማለት ነው።

ፊደሉ

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። በላቲን የሚሠራ ኮሚክ ጩኸትን በትልልቅ ፊደል ያሳያል፤ እናንተ በውፍረትና በመጠን ነው የምታሳዩት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በርካታ ውፍረት ስላለው ለንግግር ይመቻል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የብራና ጠባይ ስላለው ለመስፍኑ ይሆናል፤ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ፕሮግራሙን «አወፍረው» ብትሉት ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ቀ እና ቁ ይምታታሉ። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

በ1600 ስፋት ስትሠሩ ለላቲን 48 ፒክስል ይበቃል ይባላል፤ ለፊደል ከ56 እስከ 60 አድርጉ። ሆሄን ከሆሄ የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ስለሆነች ስትቀንስ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። አማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ በአንድ መስመር ከሁለት ወይም ከሦስት ቃል በላይ አታስገቡ፣ የንግግር ባሎኑም ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይርዘም።

መስፍኑ የሚናገረው በሁለት ነጥብ (፡) ቃል እየለየ ነው። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። በብራና ላይ ቃል የሚለየው ነጥቡ ስለነበር ጸሐፊው መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን የትም ቦታ ቆርጦ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል፤ ስለዚህ የመስፍኑን ባሎን አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ የተስተካከለ ዓምድ ልታደርጉት ትችላላችሁ። የወጣቶቹ ክብ፣ የእሱ ብራና። የመጀመሪያውን ቃል በቀይ ጻፉለት። ወጣቶቹ እሱን በአክብሮት «እርስዎ» ይበሉት፤ እሱ የክለቡን ባለቤት «አንቱ» ካላት ደግሞ አንድ ቃል ሳትጨምሩ 400 ዓመት ዕድሜ ሰጣችሁት።

ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ የመረጣችሁት ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው፤ አብዛኛው የኮሚክ ፎንት የለውም። አስተማማኙ መንገድ ስዕሉን በክሪታ ወይም በክሊፕ ስቱዲዮ ጨርሶ ጽሑፉን በኢንክስኬፕ መጻፍና ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ቅርጽ መቀየር ነው። ያልተቀየረውን ፋይል ለብቻ አስቀምጡ፤ የፊደል ስህተት የሚታየው ሁልጊዜ ከተጫነ በኋላ ነው።

ቀለምና ማውጣት

ጥቁር፣ ሁለት ግራጫ፣ ነጭ፣ ከዚያ አንድ የኒዮን ቀለም ብቻ። ኒዮኑ የሚታየው ድምፅ ባለበት ፓነል ብቻ ይሁን። ሙዚቃው ሲቆም ቀለሙ ይጠፋል፤ አንባቢው ሳይነገረው ይለምደዋል፤ በኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከመዝጊያ ስር ቀጭን ሮዝ ብርሃን ብታሳዩት በቂ ነው።

ጭጋግ በጥቁር ላይ ስትስሉ ቀስ እያለ የሚደበዝዘው ቀለም በደረጃ ተከፋፍሎ እንደ ካርታ መስመር ይወጣል። ምክንያቱ በጨለማው ወገን የቀለም እርከኖች ጥቂት መሆናቸውና የጄፔግ መጭመቂያ እነሱን መጀመሪያ መጣሉ ነው። ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን አሸዋማ ብናኝ ጨምሩበት፤ ጠፍጣፋ ቀለም ያለውን በፒኤንጂ፣ ጭጋግ ያለውን በጄፔግ ጥራቱን ከ90 በላይ አድርጋችሁ አውጡ። የቀለም ፕሮፋይሉ ኤስአርጂቢ (ለስልክና ለድረ ገጽ የተለመደው የቀለም ልክ) ካልሆነ ኒዮኑ ስልክ ላይ የደረቀ ቃሪያ ይመስላል።

ረጅሙን ምስል 800 በ1280 እያደረጋችሁ ስትቆርጡ መቁረጫው ባሎን ወይም ፊት መሃል እንዳያልፍ፤ ባዶው ላይ ይረፍ። ጥቁሩ መደብ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ በትክክል አንድ የቀለም ቁጥር ካልሆነ ኔትወርክ ዘግይቶ ቁራጮቹ አንድ በአንድ ሲመጡ መጋጠሚያው ላይ መስመር ይታያል፤ በ1800ው ዝምታ መሃል ከታየ ደግሞ አንባቢው ፓነል መስሎት ይቆማል። ከመጫናችሁ በፊት ቁራጮቹን ርካሽ ስልክ ላይ ላኩ፣ ብርሃኑን ወደ 30 በመቶ አውርዱ፣ መብራት አጥፉና በአውራ ጣት ሳቡት። መስፍኑ በካባው ውስጥ ካልታያችሁ ግራጫውን አንድ ደረጃ አንሱት።